ከፍለን ያልገዛን እኛ

ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የገዛነው ነገር የማን ነው? እኛ በጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ፣ በደብረ ወርቅና በየጥኖራ ሰርግ የምናሟሙቅ፣ መዝሙርና ዘፈን የምናቀናብር፣ ከሱቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል በእንቁላል ካርቶን ለብደን «ስቱዲዮ» ብለን ስም ያወጣንላት፣ ይህችን ጥያቄ ስናነሳ የሚሰማን አጥተናል። ኦርጋን ገዛን። ላፕቶፕ ገዛን። ሶፍትዌር ገዛን። የከበሮውን፣ የቤዙን፣ የቫዮሊኑን ድምፅ በሳምፕል መልክ፣ ማለትም ከመሣሪያው ተቀድቶ በፋይል የሚሸጥ ሆኖ፣ ገዛን። ኦርጋኑ የእኛ ነው። ላፕቶፑም የእኛ ነው። ከሶፍትዌሩ ጀምሮ ያለው ግን ከፈላችሁበት እንጂ የእናንተ አይደለም ተባልን። መሸጥ አይቻልም፤ ማዋስ አይቻልም፤ ለልጅ ማውረስም አይቻልም።

መክፈሉ ራሱ ምን ያህል እንዳንገላታን መቼ ተነገረና! እኛ ጋ ያለው የባንክ ካርድ ኔትወርክ ባለ ቀን ከኤቲኤም ብር ያወጣል። ባሕር ማዶ ያለ ሱቅ ሲያየው ግን እንደማያውቀው ሰው ፊቱን ያዞርበታል። ስለዚህ ዘመድ ይፈለጋል። ዘመድ ዳላስ ይገኛል፣ ወይም ዋሽንግተን። እኛ ሲነጋልን እሱ ይመሽበታል፤ እኛ ሲመሽብን እሱ ሥራ ይገባል። «ጋሼ እንደምን ከረሙ? እትዬስ? ልጆቹስ?» እንልና፣ የልጆቹ ጤና አንድ በአንድ ተጠይቆ ሲያልቅ «አንዲት ነገር ላስቸግርዎት ነበር» እንላለን። ጋሼ ካርዳቸውን ያወጣሉ። እኛ ደግሞ ብሩን እዚህ ለእናታቸው እንቆጥራለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የምንቆጥረው ብር ጣት ያደክማል። በባንክ 5 ሺህ 700 ብር ግድም የነበረው 100 ዶላር በጥቂት ወራት ከ12 ሺህ ብር አለፈ። አንድ የከበሮ ጥቅል የአንድ ሰርግ ገቢ ይዞ ይሄዳል።

ይህም ይሁን። አካውንቱ በማን ስም ተከፈተ? በጋሼ። ፈቃዱ በማን ስም ተጻፈ? በጋሼ። ኦርጋን በእጃቸው ነክተው የማያውቁት፣ የሚያውቁት ሙዚቃ መኪና ውስጥ የሚከፍቱት ብቻ የሆነው ጋሼ የአንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ባለ ፈቃድ ሆነው ቁጭ አሉ። ሶፍትዌሩ «ማን ነህ?» ባለ ቁጥር የማረጋገጫ ቁጥሩ ወደ ጋሼ ስልክ ይሄዳል። ጋሼ ሥራ ላይ ናቸው። ጋሼ ተኝተዋል። ጋሼ ስልክ ቀይረዋል። እኛ ለቅዳሜ ሰርግ ሐሙስ ሌሊት ቁጭ ብለን የጋሼን እንቅልፍ እንጠብቃለን።

ከዚያ ውሉ አለላችሁ። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ርዝመቱ የነገሥታት ዜና መዋዕል ያህላል፤ ከግርጌው «እስማማለሁ» የምትል ትንሽ ሳጥን ተቀምጣለች። ሳጥኗ ካልተነካች ምንም አይከፈትም። ከፍለናል እኮ! ገንዘቡ ከጋሼ ካርድ ወጥቷል፤ ከእኛም ኪስ ወጥቷል። ማን አልስማማም ይላል? ነካናት። ቆይቶ ሕግ የተማረ ልጅ ከአዲስ አበባ ለበዓል ሲመጣ አስነበብነው። ልጁ አንብቦ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ፍሬ ነገሩ ሦስት ነው አለን። አንደኛ፣ ይህ ነገር አልተሸጠላችሁም፤ እንድትገለገሉበት ተፈቀደላችሁ። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ፈቃድ ለወሰደው ሰው ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ አይዛወርም። ሦስተኛ፣ ድምፆቹን በዘፈን ውስጥ አስገቡ፣ ዘፈኑንም ሽጡ፤ ድምፆቹን ለብቻቸው ግን እንዳትሸጡ፣ እንዳታከራዩ፣ እንዳትሰጡ።

የሚያዝኑልን ሻጮችም አሉ፤ እንካድ አንልም። ሶፍትዌር ከሚሠሩት አንዳንዶቹ ቅጽ ሙሉ፣ ሻጭም ገዢም ያመልክት፣ ሲያሻንም ክፍያ እንጨምር፣ ከዚያ ለሌላ ሰው እናዛውርላችኋለን ይላሉ። የድምፅ ሳምፕል ሻጮች ግን አብዛኞቹ በሩን ጥርቅም አድርገው ዘግተውታል። አንዴ ያወረድከው ካንተው ጋር ይቀበራል። ይህ ሁሉ ሆኖ ስንከፍል የምንጫነው ቁልፍ ላይ የተጻፈው «ግዛ» ነው። በቢቸና ገበያ አህያ ሸጦ «አህያዋን ውሰድ፤ ጩኸቷ ግን የኔ ነው፤ አንተ ስማት፤ መልሰህ ስትሸጣት ግን ጩኸቷን አስቀርተህ ይሁን» የሚል ሰው ቢነሳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ይወስደው ነበር። ይህንኑ በኮምፒውተር ሲያደርጉት ግን ንግድ ተባለ።

ነገሩ የሚብሰው ዕቃ የሚሸጥ ዕለት ነው። ከእኛው አንዱ ሰርግ መሥራት በቃኝ ብሎ ኦርጋኑን ለገበያ አወጣ። ገዢ ከሞጣ መጣ። ገዢው አዋቂ ነው፤ ሰክቶ ከወፍራሙ ጫፍ እስከ ቀጭኑ ጫፍ አንድ በአንድ ተጫነው። ላላ ያለችውን አንዲት ቁልፍ አገኛትና ደጋግሞ መታት፤ ዋጋ መቀነሻ ትሆነዋለችና ደስ አለው። ገልብጦ ብሎኖቹን ቆጠረ። በመጨረሻ ተገዝቶ የተጫነውን የማሲንቆ ድምፅ፣ እኛ ቶን የምንለውን፣ ከፈተና በትዝታ ቅኝት ትንሽ ተጫወተ። ዓይኑ በራ።

«ይሄ ቶን አብሮ ነው አይደል ወንድሜ?»

«አብሮማ ነበር፤ ግን አይፈቀድም።»

«ማን ነው የማይፈቅድ?»

«ኩባንያው።»

«ኩባንያው ማን ነው? የት ነው?»

«ባሕር ማዶ።»

«ታዲያ ያለ ቶኑ ምን ላድርገው? ልጆች ያጥኑበት?»

ዋጋው በአንድ ጊዜ ወረደ። ሻጩ ቶኑን አጥፍቶ ቢሸጥ ከሰረ፤ ሳያጠፋ ቢሸጥ ውል አፈረሰ። ገዢው ያንኑ ቶን እንደ አዲስ ልግዛ ቢል ደግሞ ዳላስ ዘመድ የለውም። እንግዲህ ፍረዱ! በዚህ ግብይት ማን ተጠቀመ? ኩባንያው እንኳ አልተጠቀመም።

ወደ አገራችን ሕግ እንሂድ ብለን ደግሞ ሄድን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሽያጭ ምን እንደሆነ በቁጥር 2266 ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ሻጭ ዕቃውን ያስረክባል፤ ባለቤትነቱን ያዛውራል፤ ገዢ ዋጋውን በገንዘብ ይከፍላል። ደስ አለን። በቁጥር 1205 ደግሞ ባለቤት የሆነ ሰው ንብረቱን እንዳሻው ሊገለገልበት፣ በዋጋም ሆነ በነፃ ለሌላ ሊያስተላልፍ፣ በኑዛዜም ሊያወርስ ይችላል። ይበልጥ ደስ አለን። ከዚያ አንዲት ቁጥር ወደ ኋላ ተመለስን፤ 1204። ባለቤትነት ከመብቶች ሁሉ የሰፋው መብት መሆኑን ትነግረንና፣ የሚያርፈው ግዙፍነት ባለው ነገር ላይ ነው ትላለች። ግዙፍነት ያለው ማለት የሚዳሰስ፣ የሚጨበጥ ነው። ያወረድነው የከበሮ ድምፅ ይጨበጣል? ደስታችን እዚያው ላይ ተቋጨ። ሕጉ ሲጻፍ የሚወርድ ነገር ዝናብና በረዶ ብቻ ነበር፤ አንፈርድበትም። ቁጥር 1731 ደግሞ በቁስላችን ላይ ጨው ነሰነሰች፤ በሚገባ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው። ያቺ የነካናት ሳጥን ማለት ናት!

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996ስ? እሱም የተጻፈው ካሴትና ሲዲ እንደ አሸዋ በሚባዛበት ዘመን ነው፤ በ2007 በዐዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ለሥራው ባለቤት የማባዛት፣ ቅጂውን በሽያጭና በኪራይ ለሕዝብ የማሰራጨት መብት ይሰጠዋል። ተገቢ ነው፤ ድካም ነው። ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ ማባዛትን ሲፈቅድ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከዚያ ፈቃድ አውጥቶ ለብቻው አንቀጽ መድቦለታል። በዚያ አንቀጽ በሕጋዊ መንገድ የያዘው ሰው ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ ሊያስቀር ይችላል። መጠባበቂያ ይኑራችሁ፤ ጥሩ። መጠባበቂያው ይቅርና ዋናው ሲበቃን ምን እናድርገው? ለዚህ እጃችን ላይ ያለው መልስ ያው የባሕር ማዶው ውል ነው።

በካሴት ጊዜ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። ካሴት ገዛን፤ ሰማን፤ ሲሰለቸን ሸጥን፤ በሌላ ካሴት ለወጥን፤ ለጎረቤት አዋስን፤ ጎረቤት ሳይመልስ ቀረ፤ ተኳረፍን። ቴፑ ሲበላው በእስክሪብቶ አጠነጠንን። በዚህ ሁሉ መሃል አንድም አሳታሚ «ያዋስከው በማን ፈቃድ ነው?» ብሎ በር አላንኳኳም። አባዝተህ ሸጥክ ብሎ ሊከስህ ይችላል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። የያዝካትን አንዷን ካሴት መሸጥ ግን የአንተው ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አንድ አሳታሚ «ካስታዌይ» በተባለ ልብ ወለድ ላይ ከ1 ዶላር በታች መሸጥ ክልክል ነው ብሎ አትሞ ነበር። ሜሲስ የተባለው ትልቅ መደብር በ89 ሳንቲም ሸጠው። ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1908 እ.ኤ.አ. አንዴ ከሸጥከው ወዲያ በቀጣዩ ሽያጭ ላይ አዛዥ አይደለህም ተባለ። መቶ ዓመት አለፈና ወረቀቱ ወደ ፋይል ሲለወጥ ዳኞቹ ግራ ተጋቡ። አንድ ሰው ከሥነ ሕንፃ ቢሮ የገዛቸውን የአውቶካድ ሶፍትዌር ቅጂዎች፣ ያውም በሳጥን ያሉትን፣ ኢቤይ ላይ ሸጠ። በ2010 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቢሮው ራሱ ባለ ፈቃድ እንጂ ባለቤት አልነበረም፤ ያልገዛውን ሊሸጥልህ አይችልም አለው። ሪዲጂ የሚባል ኩባንያ ደግሞ ሰዎች ያወረዱትን ዘፈን ከራሳቸው ኮምፒውተር እያጠፋ ለሌላ የሚያሻግር ገበያ ከፈተ። በ2013 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረታ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በይግባኝም ተረታ። ምክንያቱን ስሙልን፤ ፋይል ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲሄድ አዲስ ቅጂ ይወለዳል፤ መውለድ ደግሞ ማባዛት ነው። የመጀመሪያው ጠፍቷል ቢባልም አልሰሙም።

አውሮፓ እንሂድ አልን። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሐምሌ 2012 እ.ኤ.አ. በኦራክልና በዩዝድሶፍት ክርክር፣ ጊዜ ሳይገደብለት በአንድ ጊዜ ክፍያ የተሸጠ ሶፍትዌር፣ ከኢንተርኔት የወረደም ቢሆን፣ መልሶ ይሸጣል፤ ብቻ ሻጩ የራሱን ቅጂ ከአገልግሎት ያውጣ ብሎ ፈረደ። እልል አልን። ሰባት ዓመት ቆይቶ በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ያው ፍርድ ቤት ቶም ካቢኔት በተባለው ጉዳይ የኢ-መጽሐፍ ፋይል ሲሆን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መልሶ አይሸጥም አለ። እልልታችን ጉሮሯችን ላይ ቀረ። እንግዲህ የእኛን ዕቃ አስቡት። ድምፁን የሚያጫውተው ሶፍትዌር ነው፤ በውስጡ ያለው የቫዮሊን ድምፅ ግን ሶፍትዌር አይደለም። አጫዋቹ በ2012ቱ ፍርድ ይሸጣል፤ ቫዮሊኑ ወደ 2019ኙ ያደላል። አውሮፓ ብንኖር እንኳ ግማሹን ሸጠን ግማሹን ታቅፈን መቅረታችን ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ደግሞ የሻጩን ጭንቀት የማናውቅ እንዳይመስላችሁ። ካሴት ስትሸጥ ከእጅህ ትወጣለች፤ ፋይል ስትሸጥ ኮፒው እጅህ ላይ ይቀራል። ከበሮውን በአሥር ዘፈን ከተጠቀምክበት በኋላ ሸጠኸው፣ ማታ ደግሞ ከመጠባበቂያህ አውጥተህ ብትመታው ማን ያይሃል? ይህ እውነት ነው። የቅኔ ቤቱ ዲማ ጊዮርጊስ ቅርባችን ነው፤ የሰው ቅኔ የኔ ነው ማለት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ከእኛ ወዲያ አዋቂ የለም። የፈጣሪን ድካም ማክበር በዚህ አገር አዲስ ትምህርት አይደለም።

ያንገበገበን ግን ይኼ ነው፤ ቁልፉ ሁሉ የተሠራው ለሌባው ሲሆን፣ የተቆለፈበት እኛ ነን። ቁልፉ የተሰበረ ኮፒ፣ ክራክ የሚሉትን፣ የጫነው ጎረቤታችን ውል አላነበበም፤ ሳጥን አልነካም፤ ጋሼን ከእንቅልፋቸው አልቀሰቀሰም። ከቴሌግራም አወረደ፤ በፍላሽ ገለበጠ፤ ለሦስት ጓደኞቹ አከፋፈለ፤ ሌላ ከተማ ላለው ደግሞ «ሙሉ ጥቅል» ብሎ ሸጠ። እሱ ይሸጣል። እኛ ከፍለን የያዝነው አንሸጥም። እሱ ያወርሳል። እኛ አናወርስም። እሱ ዛሬም ማታ ይሠራለታል፤ የእኛ ግን ሕጋዊ ስለሆነ በየጊዜው ኢንተርኔት ገብቶ ባለቤቱን መጠየቅ አለበት።

ኢንተርኔት! ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ ሶፍትዌሩ ይህን ከየት ይወቀው? ቀኑ ሲደርስ ፈቃድህን አረጋግጥ አለ። በምን? መገናኘት አልቻልኩም አለ። እኛም አልቻልንም! መገናኘት ካልቻልኩ አልከፈትም አለ። ተዘጋ። ያኔ ባለ ክራኩ ጎረቤታችን ዘፈን ሲያቀናብር እኛ ጥቁር ስክሪን ላይ የራሳችንን ፊት ስናይ ዋልን። ሰዎች እየመጡ «ምን ሆነህ ነው ሥራ ያቆምከው?» ሲሉን «ከፍዬ ስለገዛሁ ነው» ብለን መመለስ ነበረብን። ማን ያምናል? መብራት እንኳ ሲሄድ ሲመጣ ኦርጋኑን የሚያጠፋው ለሁላችን እኩል ነው፤ ክራክና ባለ ፈቃድ ብሎ አይለይም።

አሁን ደግሞ የባሰ አለላችሁ። ከጎጃም ወጥቶ የሚሸጥ ድምፅ አለ። አንድ የድምፅ መቅጃ የያዘ ሰው ይመጣል፤ ማሲንቆ መቺውን «እስቲ አንዴ፣ ረዘም አድርገህ፣ አሁን ደግሞ አጭር» እያለ ኖታውን አንድ በአንድ ይቀዳዋል። የቀን አበል የሚመስል ነገር ይሰጠዋል፤ ይሄዳል። ማሲንቆው ጥቅል ሆኖ ይሸጣል፤ ከስሩ «ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ነው» ይባላል። ዐዋጅ 410 ከዋኝ ለሚባለው ሰው፣ ማለትም ለዘፋኙና ለተጫዋቹ፣ ድምፁ በሚቀዳበትና በሚባዛበት ላይ መብት አለህ ይለዋል። ማሲንቆ መቺው ግን ዐዋጁን ማን ነገረው? ጭራሽ ማሲንቆ መቺው የራሱን ድምፅ በኦርጋን መስማት ቢያምረው ጋሼን ፈልጎ በዶላር መግዛት አለበት። ገዝቶም መልሶ አይሸጠውም። ትልልቆቹ ሲሆኑ ነገሩ በወግ ይሄዳል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የባሕር ማዶዎቹ ዘፋኞች ናስና ዴሚያን ማርሊ በዘፈናቸው ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ሲጠቀሙ የሙላቱ ስም አብሮ ተጠራ። የሰርግ ቤት ማሲንቆ መቺን ስም ማን ይጥራው?

እኛ ብዙ አልጠየቅንም። ካሊፎርኒያ ከ2025 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ተወርዶ ያለ ኢንተርኔት ለሁልጊዜ ሊያዝ ከሚችለው በቀር፣ ዲጂታል ዕቃ እየሸጡ «ግዛ» የሚሉ ሱቆች ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲነግሩት አስገድዳለች። መሸጥ ፈቀደች አላልንም፤ ቢያንስ ውሸቱን አቆመች። አንደኛ፣ ይህን ያህል እውነት ለእኛም ይድረሰን። ሁለተኛ፣ መሸጥ ካልተቻለ መዛወር ይቻል፤ የእኔን ቁልፍ ዝጉት፣ ለገዢው አዲስ ክፈቱለት፣ ኮፒ እንዳይቀርብኝ እናንተው ተቆጣጠሩ። ኢንተርኔት እየገባችሁ ማንነታችንን የምትጠይቁበት ጥበብ ለዚህ ሲሆን የት ጠፋ? ሦስተኛ፣ የራሳችን ሕግ አውጪዎች የቅጂ መብትን እንደገና ሲያዩ ግዙፍነት የሌለው ዕቃ ገዝቶ ግራ የገባው ሰውም እንዳለ አንዲት አንቀጽ ይጻፉለት።

ሽያጭ ከሆነ ሽያጭ በሉትና ተዉልን፤ እንደ ወጉ ተከራክረን፣ ላላ ያለችውን ቁልፍ አሳይተን፣ ዋጋ ቀንሰን እንሸጠዋለን። ኪራይ ከሆነም ኪራይ በሉትና ዋጋውን እንደ ኪራይ አድርጉት። የሽያጭ ዋጋ ተቀብሎ የኪራይ መብት መስጠት ግን፣ እኛ ጋ በገበያ መሃል የተደረገ እንደሆነ ስሙ ንግድ አይደለም። እስከዚያው ድረስ ጋሼ ስልካቸውን አይቀይሩብን፤ ዕድሜ ይስጥልን። እሳቸው ያለፉ ቀን የምናለቅሰው ለሁለት ነው፤ ለእሳቸውም፣ ለከበሮውም።